ዝም ያልኩ ለታ

ከአዳማ የወጣሁ ምሽት አባባ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ። ቤቱ በጎረቤትና በቤተክርስቲያን ሰው ተሞልቷል፣ ፓስተራችን ጸልየው ጨርሰዋል፣ ሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ያስጮኻል። አባባ እጄን ያዙና፣ “ሰው አገር ገባሁ ብለሽ እጅሽን አጣጥፈሽ እንዳትቀመጪ” አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሥራ የሌለው ሰው በሽተኛ ይመስላቸዋል። እሺ አልኩ።

እንግዲህ እናንተ አዳማ ያላችሁ፣ ፈረንጅ አገባች፣ አለፈላት ብላችሁ ያወራችሁ፣ ስሙኝ። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ወድጄ መስሏችሁ?

ከባሌ ከፒተር ጋር የተዋወቅነው ባቱ ነው። እኔ አበባ እርሻ ውስጥ የጽጌረዳ ክፍል ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ እሱ ደግሞ የውሃ ቱቦ ሊዘረጋ ከሆላንድ መጣ። የሱ ከተማ ስንደርስ ዙሪያውን ግሪንሃውስ ነው። ከወጥ ቤቱ መስኮት ቆሜ ሠራተኞቹ ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ። እኔም ዛሬ ነገ እገባለሁ ስል፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ ጉዳይ እስኪያልቅ ሥራ መንካት ክልክል ነው ተባልኩ። ሔሜንቴ የሚሉት አለ፣ እንደኛ ማዘጋጃ ቤት ነው፤ እዚያ ሄጄ ጠየቅኩ። ንድድ ብሎኝ ስለነበር፣ የአማቴን ጓሮ መኮትኮትስ እችላለሁ ወይ አልኩት ሰውዬውን። ማሾፌ አልገባውም። አገጩን ይዞ አሰበበትና ካልተከፈለሽ ይቻላል አለኝ።

ዝናቡን አልነግራችሁም። እንደ አዳማ ዝናብ አንዴ ዘንቦ፣ ጎርፉን ለቆ አይሄድም፤ ቀኑን ሙሉ እንደ አልቃሻ ልጅ ይነጫነጫል። አሳውንማ ተዉት። የባቱን አሳ በአዋዜ የበላ ሰው፣ እዚህ ጥሬውን ጅራቱን ይዘው ወደ ጉሮሯቸው ሲለቁት ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ስገባ የኢትዮጵያ ጽጌረዳ በባልዲ ተደርድሮ አገኘሁ። ግንዱን፣ እሾሁን፣ አቆራረጡን አውቀዋለሁ። እሱ ገብቶ ይሸጣል፣ እኔ ቆሜ አየዋለሁ። እዚያው አለቀስኩ፣ ከንዴት ነው እንጂ ከናፍቆት አይደለም።

በኋላ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ጋብቻችሁ የእውነት መሆኑን እናጣራለን አሉ። እኔን ለብቻ፣ ፒተርን ለብቻ። የምትጠይቀኝ ሴትዮ ፈገግታዋ የማያልቅ ነው፤ አጠገቧ አንድ ያገራችን ሰው ያስተረጉማል። ፒተር ላግባሽ ብሎ የጠየቀሽ የት ነው አለችኝ።

“እኔን አልጠየቀኝም” አልኳት። “አባቴን ነው የጠየቀው። እሱም ራሱ አይደለም፣ ሽማግሌ ልኮ ነው።”

እውነቴን ነው። ባቱ ያለው የድርጅታቸው ሾፌር ጋሽ ቶሎሳ ነው ወጉን ያስተማረው። ሽማግሎቹ ቤታችን ገብተው፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ሲቆሙ፣ ፒተር ውጭ መኪና ውስጥ በአዳማ ፀሐይ ላብ በላብ ሆኖ ይጠብቃል። አባባ ከጓዳ አስጠሩኝና፣ ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ አሉኝ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ የነጠላዬን ጫፍ አፍተለተልኩ። እናቴ እልል አለች። አለቀ፣ ደቀቀ። ለናንተ ምኑን አስረዳለሁ።

“አንቺ ምን አልሽ ታዲያ?” አለችኝ ሴትዮዋ።

“ዝም አልኩ።”

“ለምን ዝም አልሽ?”

“ስለምፈልገው።”

አስተርጓሚው ልጅ ይሄን ሲነግራት ድምፁ ቀነሰ። ሴትዮዋ ብዙ ጻፈች። ቀጥላ የሠርጋችንን ቪዲዮ ከፈተች። ከቤት ስወጣ እናቴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ስንሰቀሰቅ ያሳያል። ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ። ወይ ጉድ! እና ከእናቴ ቤት እየወጣሁ ልሳቅ? የማታለቅስ ሙሽራ ሰፈሩ ምን እንደሚላት ላስረዳት ሞከርኩ። እሷ አሁንም እንደፈገገች ትጽፋለች።

ከዚያ መልሱ መጣ። ልጅቷ ፈቃዷን አልገለጸችም፣ ተገዳ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ጉዳዩ ታግዷል። የያዝነው ጠበቃ አንድ መውጫ አለ አለ። አባቷ ልጄን አላስገደድኩም፣ በሷም ምንም አልተቀበልኩም ብለው በመንግሥት ፊት ቃላቸውን ይስጡ፣ ይፈርሙ። ፒተር ወረቀት እኮ ነው አለኝ። እስከ ማታ አላናገርኩትም።

አባባን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ የስንቱን ልጅ ቆመው የዳሩ ሰው ናቸው። ደወልኩና ነገርኳቸው። አንዷን ቃል ከሌላዋ ጋር ማገናኘት አቃተኝ፣ ደሜ ይፈላል።

“አንቺ ምን ብለሻቸው ነው?” አሉኝ።

“የሆነውን ነዋ፣ አባባ። ዝም አልኩ አልኳቸው።”

ስልኩን ለእናቴ ሰጧት።

ሄደው ፈረሙ። የሆነውን እናቴ ናት የነገረችኝ። በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫቱ ለብሰው ሄዱ። ውልና ማስረጃ ቢሮ ውስጥ ወረቀቱን የተቀበላቸው ያስተማሩት ልጅ ነበር። ሕጉ ነው ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ ቃል በቃል አነበበላቸው። ልጄን አላስገደድኩም። በልጄ ገንዘብ አልተቀበልኩም። አባባ ፈርመው ቤት መጡ፣ ክራቫታቸውን ፈቱ፣ ምሳ ሳይበሉ ተኙ። ያንገበግበኛል፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያቺ ሴትዮ ይሄንን አንድም ቀን አታውቀውም፣ ፈገግታዋን ይዛ ሌላ ሰው ትጠይቃለች።

ፈቃዱ መጣ። ካርዱ ጀርባ ላይ ሥራ ይፈቀዳል የሚል አለው። ፒተር ኬክ ገዝቶ መጣ፣ አማቴ አቀፈችኝ፤ ከመስኮቴ ሳየው የኖርኩት ግሪንሃውስ ውስጥ ቲማቲም ማሰር ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ውዬ ስወጣ እጄ ቲማቲም ቲማቲም ይሸታል፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሳልታጠብ በር ላይ እንደቆምኩ አዳማ ደወልኩ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችውና ስልኩን ለአባባ ሰጠች።

“አባባ፣ ሥራ ጀመርኩ” አልኳቸው። “እጄን አጣጥፌ አልቀረሁም።”

ከወዲያ የቆርቆሮውን ጣሪያ ነፋሱ ሲያንኳኳው ይሰማኛል፣ ባጃጅም አለፈች። አባባ ዝም አሉ። እኛ ቤት ዝም ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ አውቅ ነበር። ይሄኛው ግን ጠፋብኝ።

“አባባ፣ አሉ?”

“አለሁ” አሉ።

ሌላ ነገር ይጨምሩ እንደሆነ ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆምኩ።