ሠንጠረዡ አራት ይላል

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሉማሜ ላይ ከበያጁ ከጋሽ ይስማው ጋር ተጣላሁ። የእናቴ ተሽከርካሪ ወንበር ሁለቱም የእግር ማሳረፊያዎች ተሰብረው ነበር፤ ካልተበየዱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አትችልም።

በሚግ ብየዳ ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ለእንዲህ ያለ ስስ ብረት ቮልቴጁ አራት ቁጥር ላይ ይሁን ይላል። ጋሽ ይስማው ግን ስድስት ላይ አድርገው ግራውን በየዱት።

«አራት ነው የሚለው! ብረቱን ሊበሱት ነው እንዴ?»

«ወረቀቱ የት አገር ነው የተጻፈው?»

«የትም ይጻፍ፣ የአምራቹ ነው!»

«እንግዲያው አምራቹ ይምጣና ይበይድልህ።»

ጦፍኩ። የተጻፈ እያለ በግምት የሚሠራ ሰው አልወድም። ቁጥሩን ራሴ ወደ አራት መለስኩት።

«ደግ፤ ቀኙ ያንተ ነው» አሉና በአራት በየዱት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳንደርስ ቀኙ ተገነጠለ። እናቴ አንድ እግሯ ተንጠልጥሎ አስቀደሰች።

ሆን ብለው ነው ያበላሹብኝ ብዬ ሰኞ ስገሰግስ ሄድኩ። ቤቱ ዝግ ነው። አቤቱታዬን የሰማው የጎረቤቱ ባለወፍጮ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«መስመራችን አንድ ነው፤ እኔ ስፈጭ የሳቸው መብራት ኃይሉ ይቀንሳል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ስፈጭ ነበር። ያን ጊዜ ስድስት ማለት አራት ነው።»