ሁለቱ ይማሞች

ረሂማ በሯን አትቀረቅርም ነበር። ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ አጥር ለአጥር ተያይዘን ስንኖር የቆርቆሮ በሯ ገርበብ እንዳለ ያድራል። "ሌባ ይገባብሻል፣ አንቺ ሴት" እላታለሁ። "ምን አገኝ ብሎ?" ትለኛለች። ሁለታችንም ግን ነገሩ የሌባ እንዳልሆነ እናውቃለን። ባሏ ይማም በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሾላ ገበያ ከስፌት መኪናው ላይ ተነስቶ ተወሰደ። የወሰዱት ሰዎች "ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" ብለው ነበር። ይመለሳል ለተባለ ሰው በር ክፍት ይተውለታል እንጂ ምን ይደረጋል?

እኔ ሸዋረጋ ምላሴ ይረዝማል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በሰፈሩ ያልተናገርኩት ሰው የለም። ረሂማን ግን በዚያ ነገር አንድ ቀን ክፉ ተናግሬያት አላውቅም። ባሏ በተወሰደ በወሩ የስፌት መኪናውን በጋሪ አስጭና ከገበያ ወደ ቤት አመጣችና እሷው መስፋት ጀመረች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ካኪም ትሰፋለች። ይማምን የወሰዱት ሰዎች የለበሱት ዓይነት ካኪ ነው። አንድ ቀን የአብዮት ጠባቂዎችን ሱሪ ስትተኩስ አይቻት "እጅሽ እንዴት እሺ ይልሻል?" አልኳት። "ጨርቅ ነው" አለችኝ።

ሰው ባልሽስ ብሎ ሲጠይቃት አንድ መልስ ነበራት። "ወጣ ብሏል" ትላለች። ጎረቤት የሄደ ይመስል። መጀመሪያ ሰሞን ስትል ስሰማ ሆዴ ይባባ ነበር፤ ኋላ እኔም ለመድኩት። በዚያ ዘመን ያልለመድነው ምን አለ? ልባችን እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖ ነበር፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ዘሙሩድ። በሰባ አራት ከማለዲን የሚባል የሰፈራችን ሾፌር አገባት። የከማለዲንም አባት ስሙ ይማም ነው። እንጦጦ እየወጣ ከባላገሩ ባህር ዛፍ የሚገዛ፣ ሾላ አውርዶ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ አብዮቱ ሳይመጣ ነው የሞተው። ሰፈሩ ሁለቱን ለመለየት አንዱን የስፌቱ ይማም፣ ሌላውን የእንጨቱ ይማም ይላቸው ነበር። በሰርጉ ላይ "ልጁ አማቱን በስሙ ሊጠራ ነው ወይስ ሊያፍር ነው?" እያልን ስቀናል። ኒካው ሲታሰር ወሊ፣ ማለት በአባት ቦታ ሆኖ ሙሽራይቱን የሚድር፣ ሆኖ የቀረበው የዘሙሩድ አጎት ነው። ሼሁ የሙሽራይቱ አባት የት እንደሆነ ሲጠይቁ ረሂማ ከመጋረጃው ጀርባ "ወጣ ብሏል" አለች። ሼሁ አቀረቀሩ። ሳቃችንም እዚያ ላይ አለቀ።

ከማለዲን የሚሾፍርለት የውጭ ድርጅት ጓዙን ጠቅልሎ ኩዌት ሲገባ እሱንም ይዞት ሄደ። በዓመቱ ለሚስቱ ቪዛ ላከ። የቀረው ከእኛ አገር የመውጫ ፈቃድ ማግኘት ነበር፤ ያኔ ያለ እሱ ማንም ንቅንቅ አይልም። ዘሙሩድ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ስትመላለስ ከረመችና አንድ ቀን ፈቃዱን ይዛ መጣች። ለእናቷ ስታነብላት መሐል ላይ ቆመች። ከከማለዲን ጋር ያላት ዝምድና በሚለው ቦታ ላይ "እህት" ተብሎ ተጽፏል።

ጸሐፊውን ልሰድበው አስቤ ነበር፤ ነገሩን ሳየው ግን ስድቡ አልመጣልኝም። ቪዛው ላይ ያለው ከማለዲን ይማም፣ ዘሙሩድ ይማም ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ እስክትቀበር የምትጠራው በአባቷ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ አባት ከተጠሩ የአንድ ሰው ልጆች ናቸው፣ አለቀ። ሰውየው ኩዌቶች ሚስት ያሉት በስህተት መስሎት አርሞ መስጠቱ ነው። እኔም በወንበሩ ብቀመጥ እንደዚያው አደርግ ነበር። ይሁንና አንዱ ወረቀት ሚስት፣ አንዱ እህት እያለ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ቪዛው ደግሞ የሚያገለግለው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነበር፤ እሱ ካለፈ ድርጅቱ ሁለተኛ እንደማይጠይቅላት ከማለዲን አስታውቋል።

ዘሙሩድ የኒካ ወረቀቷን ይዛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመለሰች። ጸሐፊው አየው፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየው።

"ይኼማ ጭራሽ ባሰ" አላት። "ወንድምና እህት ነው እንዴ ያጋቡት?"

የአያት ስም ብትነግረው "እሱን አሁን ያወጣሽው ይሆናል፤ ማስረጃ አምጪ" አለ። አባቶቻቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን፣ የት እንዳሉም ጭምር፣ ቀበሌ በምስክር አረጋግጦ ይጻፍ ተባለ።

የእንጨቱ ይማም ነገር ቀላል ነበር። ረሂማ፣ ዘሙሩድና እኔ እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ ሄደን ከዚያ ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። እንጦጦ ማርያም አጠገብ ቄስ ወልደ ኢየሱስ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ባህር ዛፋቸውን ለእንጨቱ ይማም ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው።

"አባቴ፣ የእንጨቱን ይማም ያውቁታል?" አልኳቸው።

"እንዴት አላውቀው? ሲያጣጥር አጠገቡ ነበርኩ። ቀብሩ ላይም ኮልፌ ድረስ ወርጄ ቆሜያለሁ። ሰው 'ቄሱ ምን ይሠራሉ እዚህ' ሲል ልጁ ከማለዲን 'የአባቴ ወንድም ናቸው' አለ።" የመጣንበትን ስነግራቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "የት መጥቼ ልመስክር?"

ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ረሂማ ወደ ኋላ ቀረች። ቆሜ ጠበቅኋት።

"ምን ያለ ዕድለኛ ነው" አለችኝ።

"ማን?"

"የእንጨቱ ይማም። ሲሞት ያየው ሰው አለ።"

በማግስቱ ቀበሌ ገባን። ሊቀመንበሩ ጓድ ሀብተወልድ በእኛው መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወት ያደገ ነው። ክፉ አልነበረም፣ ፈሪ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ፈሪ ሊቀመንበር ማግኘትም መታደል ነው። የእንጨቱን ይማም ነገር በትዕግስት ሰማና ወደ ረሂማ ዞረ።

"የእርስዎስ ባለቤት፣ ወይዘሮ ረሂማ?"

"ወጣ ብሏል።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አለ ብዬ ብጽፍ የት ነው ይሉኛል። ሞቷል ብዬ ብጽፍ ማን ገደለው ይሉኛል። የወሰደው ክፍል እስከ ዛሬ ምንም አላስታወቀንም። ምን ላድርግ?"

"አንተ ነህ ሊቀመንበሩ" አልኩት።

"እትዬ ሸዋረጋ፣ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ አያስጨንቁኝ።" ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ ተናገረ። "ቤተሰቡ ራሱ በሕመም ሞቷል ብሎ ካመለከተና ምስክር ካለ እጽፋለሁ። በሕመም። ሌላ መንገድ የለኝም።"

ዘሙሩድ ተነሳች። "ይቅር። እማ፣ ተነሺ እንሂድ" አለች። እናቷን ክንዷን ይዛ አወጣቻት።

ከዚያ በኋላ በእነሱ ቤት ጠብ የለ፣ ልቅሶ የለ። ዘሙሩድ የታጠበ ልብስ መልሳ ታጥባለች። ኩዌት ይዛ ልትሄድ ያዘጋጀችው ሻንጣ አልጋ ሥር ገባ። መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ የሚሰማው የስፌት መኪናው ብቻ ነበር። አጥሩን ተደግፌ አዳምጣለሁ፤ ልቤን ግን ምንም አይሰማውም። ለራሴ እንኳ ግራ ገባኝ፤ እኔ ቀላል ነገር የሚያስለቅሰኝ ሴት ነበርኩ።

አንድ ከሰዓት ረሂማ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝ።

"ነገ ጠዋት ሥራ አለሽ?"

"የለኝም።"

"ቀበሌ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ቄሱም ጋ ሰው ልኬያለሁ።" ከዚያ "በምን በሽታ እንበል?" አለችኝ።

 የሸሚዝ ቁልፍ አንሶባት የትኛው ቀለም ይሄዳል ብላ የምትጠይቀኝ ነው የሚመስለው። አፌ ያመጣልኝን "ጉበት ይባላ" አልኩ።

"ጉበቱ ደህና ነበር" አለች። "ሳምባ ይሁን። የጨርቁ ብናኝ ያስለው ነበር።"

"ዘሙሩድ ታውቃለች?"

"ስትሄድ ታውቃለች። እኔ ባል ስጠብቅ እሷም ባል ስትጠብቅ በአንድ ቤት ሁለታችንም አንሆንም።"

ቀበሌው ውስጥ ረሂማ ሳትቀመጥ ቆማ ነው የተናገረችው። "ባለቤቴ ይማም ሞቷል። በሳምባ ሕመም።"  ቄስ ወልደ ኢየሱስ ስለ እንጨቱ ይማም መሰከሩ። የስፌቱን ይማም ሞት የፈረምነው እኔና የዘሙሩድ አጎት ነን። ስፈርም እጄን አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። ሀብተወልድ ማኅተሙን ሲመታ ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ረሂማ የታሸገውን የቀበሌ ወረቀት ለዘሙሩድ ሰጥታ ከእኔ ጋር ላከቻት። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን ተቀብሎ አዲስ ፈቃድ ለመጻፍ አላስቸገረም። ጸሐፊው "ሚስት" ብሎ ጻፈ። "ስሙ አሳስቶኝ ነው፣ ይቅርታ" አላት ዘሙሩድን። ቀጥሎ ማስረጃውን መልሶ ሲያነብ "ለካ አባትሽም አርፈዋል፤ ነፍስ ይማር" አላት። እሷ የሰማችው ከዚያ ሰው አፍ ነው። ወረቀቷን ይዛ ወጥታ ደጅ እኔ ዘንድ ስትደርስ "እትዬ ሸዋረጋ፣ እናቴ እንዲህ ብላ ተናገረች?" አለችኝ። "ተናገረች" አልኳት። 

ቤት ስንደርስ ረሂማ የጆሮ ወርቋን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። ኢዳ ገባች። በእነሱ ደንብ ባሏ የሞተባት ሴት ወራቱ እስኪሞላ ከቤቷ አትወጣም። ይህን ሳይ ንዴቴ መጣ።

"ለወረቀት ተብሎ የተባለውን ነገር እውነት ልታደርጊው ነው?" አልኳት። "ልጅሽ በሳምንቱ ትሄዳለች፤ አውሮፕላን ማረፊያ አትሸኛትም?"

"በምስክር ፊት ሞቷል ብያለሁ፣ ሸዋረጋ። ለመንግሥት ሞቶ ለኔ አይኖርም።"

የተለየ ነገር የተናገረች አይመስላትም። መርፌዋ ላይ ክር እየከተተች ነበር።

ዘሙሩድ የሄደች ዕለት እናቷ ጓዳው ውስጥ ሆና ነው የተሰናበተቻት። ልጅቱ የእናቷ ጉልበት ላይ ወድቃ ብዙ ቆየች። ረሂማ የልጇን ሻሽ አስተካከለች፣ "መኪናው እንዳያመልጥሽ" አለቻት። እኔ ቦሌ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ወረቀቶቹን ያየው ፖሊስ ሁለቱንም አመሳክሮ፣ ሚስት፣ ሚስት ብሎ መለሰላት። መስታወቱን አልፋ ስትገባ አንድ ጊዜ ዞራ የፈለገችው እኔን አልነበረም።

በጉርድ ሾላ በኩል በአውቶቡስ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ ገና አለች። የገዛሁላትን ዳቦ ታቅፌ እንደ ልማዴ የረሂማን በር በክርኔ ገፋ አደረግሁ። አልከፈት አለ። ተጣብቆ መስሎኝ ደግሜ ገፋሁት። ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ ዳቦውን ይዤ እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ። ከዚያ አንኳኳሁ።

"ማነው?" አለች።

ያን ሁሉ ዓመት በሯ ሲነካ "ግቡ" ነበር የምትለው። "እኔ ነኝ፣ ሸዋረጋ ነኝ" አልኳትና መቀርቀሪያውን እስክትስብልኝ ጠበቅሁ።