ወደ ኋላ የዞረው ጠቋሚ

ሰዓት ጠጋኙ ሊፈታ የተነሳው ችግር ይህ ነው፦ ትንሹ ጠቋሚ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚዞር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ሲደርስ እኩለ ቀን ይሁን እኩለ ሌሊት በማየት ብቻ አይታወቅም። በቀን አንዴ ብቻ የሚዞር ጠቋሚ ቢሠራስ?

ነገሩን ያመጣው የሴት ልጁ ትኬት ነው። ልጁ ሩቅ አገር ሥራ ከያዘች አራት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አላያትም። ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር አውቶቡሷ እሱ ባለበት ከተማ አርባ ደቂቃ እንደሚቆም ነግራው፣ የትኬቱን ፎቶ ላከችለት፦ «ሐሙስ 12:00 ኤኤም»። እሱም እንደ ባለሙያ አሰላው። ኤኤም ከቀትር በፊት ማለት ነው፤ 11:59 ኤኤም ከሆነች፣ ቀጥላ የምትመጣው 12:00ም የእሷው ወገን ናት፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ናት። ሲያዩት እንከን የሌለው ስሌት ነው። በልማዱ ግን 12:00 ኤኤም ቀኑ የሚጀምርበት ውድቅት ነው፤ ለሐሙስ አጥቢያ። በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ቢጻፍ ኖሮ 00:00 ይባል ነበር፣ የሚያከራክርም ነገር አይኖርም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጢሙን ተላጭቶ፣ የምትወደውን ኦቾሎኒ በወረቀት ጠቅልሎ መናኸሪያ ደረሰ። ትኬት ቆራጯ ፎቶውን አየችና፣ «አባባ፣ ያ አውቶቡስ እኮ ካለፈ ግማሽ ቀን ሊሆነው ነው» አለችው።

የልጁ ሲም ካርድ እዚህ ስለማይሠራ መደወል አልቻለችም ነበር። ማታ ከደረሰችበት ስትደውል አንድም ወቀሳ አላነሳችም።

«አባዬ፣ አርባውንም ደቂቃ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ነበር።»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው፣ የሰው ሰዓት ስታቃና የራስህ ጎበጠብህ እያለ ሳምንት ሙሉ ቀለደበት። ጠጋኙ አንድ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ፈታ። የጠቋሚውን ፍጥነት በግማሽ ለመቀነስ አሥራ ሁለት ጥርስ ባለው ማርሽ ላይ ሃያ አራት ጥርስ ያለው ማርሽ አገናኘ። ፍጥነቱ ልክ ሆነ፤ ጠቋሚው ግን ወደ ኋላ ይዞር ጀመር።

«ተወው» አለ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ተደግፎ፤ «ምናልባት ሐሙስን ይመልስልህ ይሆናል።»

ጠጋኙ ሳቀ። ሰዓቱን ግን አላስቆመውም፤ እስከ ምሳ ድረስ ወደ ኋላ ሲሄድ ተቀምጦ አየው።

ወደ ኋላ የዞረበት ምክንያት ደስ ይላል፦ የተነካኩ ሁለት ማርሾች ምንጊዜም በተቃራኒ ይዞራሉ። ሦስተኛ በመካከላቸው ከገባ ግን አቅጣጫው ይስተካከላል፣ ፍጥነቱም ንቅንቅ አይልም። ልጁ ከሁለት ወር በኋላ በዚያው መስመር ትመለሳለች። የመናኸሪያው ኃላፊም፣ ሳይዛነፍ ከሠራ በሩ ላይ እንዲሰቅለው ፈቅደውለታል። አሁን ሦስተኛውን ማርሽ በሞረድ እየቀረጸ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ጥርስ ወጥቶለታል፣ አምስት ይቀረዋል።