ቅዳሜ የማይከፈተው የጨርቅ ሱቅ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካልጋሪ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ልጄ ቤት ምሳ በልተን እንደጨረስን ስልኳን አቀበለችኝ። «እማዬ፣ ያንቺ ሱቅ ፎር ሴል ወጥቷል፤ ሊስቲንጉን እዪው» አለችኝ። የሽያጭ ማስታወቂያው ላይ ያለው ከካልጋሪ ሁለት ሰዓት በመኪና ከምትርቅ ትንሽ ከተማ ያለ የቀይ ጡብ ቤት ነው። የእኔ ሆኖ አያውቅም፤ ግን በሃያ ሁለት ዓመቴ ካናዳ እንደገባሁ በልብስ ሰፊነት የተቀጠርኩት እዚያ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ሚስስ ኤስተር የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አይሁዳዊት ነበሩ። አማታቸው ከፖላንድ መጥተው መጀመሪያ ጨርቅ በጀርባቸው ተሸክመው በየእርሻው እየዞሩ ይሸጡ ነበር። ኋላ ሱቁን ከፈቱ። ገበሬው ገበያ የሚወጣው ቅዳሜ ነው፤ እሳቸው ግን ሰንበት ነው ብለው ይዘጉ ነበር። «ክረምቱንም አይዘልቅ» የተባለው ሱቅ ከልጅ አልፎ ለምራት ደረሰ።

እኔ በተቀጠርኩ በዓመቱ አውራ ጎዳናው ዳር ትልቅ መደብር ተከፈተና ደንበኛ ቀነሰ። የሚስስ ኤስተር ልጅ ከቶሮንቶ እየደወለ «ወይ ቅዳሜ ክፈቺ፣ ወይ ሽጪው» ይላቸው ጀመር። በረዶው ቀልጦ መንገዱ በጨቀየበት ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ፣ «ቅዳሜም ክፍት ነን» የሚል ወረቀት ጽፈው መስኮቱ ላይ እንድለጥፍ ሰጡኝ። እኔም ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ምነው?» አሉኝ።

«እናቴ ቅዳሜ መርፌ አትነካም ነበር።»

«ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?»

«ናት። ቅዳሜም እሁድም ሰንበት ነው ትላለች።»

«ሁለት ቀን! ታዲያ መቼ ሠርታችሁ ትበላላችሁ?» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ቀደዱት።

ቁጭ ብለን መከርን። ትልቁ መደብር ጨርቅ ይሸጣል እንጂ ስፌት አያስተምርም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት የመቁረጫውን ጠረጴዛ አጽድተን ማስተማር ጀመርን። መጀመሪያ የመጡት ሦስት የገበሬ ሚስቶች ነበሩ። ሚስስ ኤስተር ቀረፋ የገባበት ኬክ ጋግረው ያመጣሉ፤ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ክሩን ላላ አድርጊው» እላለሁ። በጋው ሲገባ መቀመጫ ጠፋ። የሚማረው ሁሉ ጨርቁን የሚገዛው ከእኛ ነበር። ሱቁ ከዚያ በኋላ ሌላ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየ፤ የተዘጋውም ሚስስ ኤስተር ስለደከማቸው፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው።

«እማዬ፣ ጆብሽን ልታጪ ትችዪ ነበር እኮ። አልፈራሽም?» አለችኝ ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት።

ፈርቼ ነበር። ከአገሬ ባዶ እጄን የመጣሁ፣ ሁሉንም ከሰው የምቀበል ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ለሰው የሚጠቅም ነገር ከእናቴ ቤት እኔም ይዤ እንደመጣሁ አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ የማንንም በር ሳንኳኳ አንገቴን ደፍቼ አላውቅም።