ሚስተር ሊን የሳሉት የእናቴ ፊት

የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ። ልጅ እያለሁ፣ ዳላስ ከተማ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር፣ ከእኛ በታች ያለው አፓርታማ ሌላ ሽታ አልነበረውም። የሚኖሩበት ቻይና የተወለዱት ሠዓሊ ሚስተር ሊን ነበሩ። በወጣትነታቸው አገራቸው ሳሉ የሹማምንት ፊት ብቻ እንዲስሉ ይታዘዙ ነበር። እዚህ ግን የሚስሉት የሰፈራችንን ሰው ነው፤ ሣር አጫጁን፣ ከመጋዘን ሥራ ተመልሶ ደረጃው ላይ የሚያንቀላፋውን። «ማንም ቀና ብሎ የማያየውን ነው የምስለው» ይሉኝ ነበር።

ትምህርት ተዘግቶ ሳለ እናቴን ሳሏት። እናቴ ሆስፒታል ጽዳት ነበረች። አገር ቤት የምትልከው ፎቶ ሁሉ በክት ልብሷ የሰው መኪና ተደግፋ የተነሳችው ነው። ለሚስተር ሊን ግን በሰማያዊ ዩኒፎርሟ፣ መወልወያዋን ይዛ አምስት ቅዳሜ ተቀመጠችላቸው። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሥዕሉ ሲያልቅ ትክ ብላ አይታው «ድካሜን እንኳ አልረሱትም» ብላ ሳቀች።

ሚስተር ሊን ላይብረሪው ውስጥ በሚያዘጋጁት ኤግዚቢሽን ሊሰቅሉት ፈቃዷን ጠየቁ። እኔ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እናቴ ነርስ ናት ብዬ ነበር፤ ሁላችንም የምናጠናው እዚያው ላይብረሪ ነው።

«ደስ ይለኛል በያቸው» አለች እናቴ። «ሶ፣ መቼ ነው? ከሥራ ኦፍ እጠይቃለሁ።»

ወደ እሳቸው ዞሬ «አይሆንም ብላለች፤ ታፍርበታለች» አልኩ።

ሚስተር ሊን ይቅርታ ለመጠየቅ ለእናቴ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። እሷ ያመሰገኗት መስሏት እጅ ነሳች። ቀኑን ወደፊት ይነግሩናል አልኳት።

ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላ ጠበቀች። ሚስተር ሊን ሥዕሎቻቸውን ጭነው ወደ ፎርት ዎርዝ ሲዛወሩ ከመስኮት አየቻቸው። «ፊቴ አላማራቸውም ይሆናል» አለችና ቀሚሱን ቁም ሳጥን ውስጥ መለሰችው። ያን ጊዜም እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ መኪናው ገና አልተነሳም።

እናቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት ትወዳለች። የእኔ እያደር ከበደ። አሁን ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። በስልክ ከአስተርጓሚ ጋር ሊያገናኟት ሲሉ ስልኩን በእጇ ገፋ ታደርገዋለች።

«ልጄ አለችልኝ» ትላለች። «እሷ ያልኩትን ነው የምትለው።»

ይህንንም ለሐኪሙ የማስተረጉመው እኔው ነኝ።