ሳይሰሙ የነቀነቁት ራስ

ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እስክርቢቶ ስይዝ እጄ ይፈራል። ይህን መጻፍ የሚገባው የተማረ ሰው ነበር። የተማሩት ግን አልጻፉትም፤ የእማማ ጌታነሽ ነገር እንዲሁ ቢቀር ደግሞ ቅር አለኝ። የተሳሳተ ፊደል ብታዩ እለፉት።

እማማ ጌታነሽ ከሞላሌ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ ደጋ ቀበሌ ውስጥ ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ የላቸውም። ያላቸው ከአባታቸው የወረሱት ሦስት ጥማድ የገብስ መሬት ነው፤ እሱንም የወንድማቸው ልጅ ሸዋንዳኝ በእኩል ያርስላቸዋል። በጎቻቸውን ራሳቸው ያግዳሉ፤ የበግ ጠጉር ፈትለው ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ለሚሠራ ያስረክባሉ። የማንንም እጅ አይተው አያውቁም።

ጆሯቸው መክዳት ከጀመረ ግን አምስት ዓመት አልፎታል። ማንም አላወቀም፤ እንዳይታወቅ አድርገው ያዙት እንጂ። ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ያያሉ። ሲስቅ ይስቃሉ፤ ሲያዝን ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጋሉ። ነገሩ ጨርሶ ካልገባቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ደንቆሮ ከመባል ሞት ይሻለኛል ባይ ነበሩ።

ያ ራስ መነቅነቅ ነው ጉድ የሠራቸው። በታኅሣሥ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የመሬት ጉዳይ የሚጽፈው ምንተስኖት ከፊት ቆሞ አንድ ነገር ጠየቃቸው። እሳቸው ከኋላ ነበሩ፤ እንደ ልማዳቸው ነቀነቁ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እሳቸውም አብረው አጨበጨቡ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ጎረቤታቸው ዓለሚቱ፣ ድምጿ ከድሮም ትልቅ ነው፣ መሬቱን ለሸዋንዳኝ በውክልና መስጠትዎ ደግ አደረጉ፣ አሁን ያርፋሉ ብላ መረቀቻቸው። እማማ ጌታነሽ የነቀነቁበት ነገር ያን ጊዜ ገባቸው።

ሸዋንዳኝን አስጠሩት። እሱ እቴ፣ አላፈረም። ገብስ ምን ይረባል፣ ባሕር ዛፍ እተክልበታለሁ አለ።

«እኔ እሺ አላልኩም» አሉት።

«አክስቴ፣ መቶ ሰው እያየ ነቅንቀዋል። ቃለ ጉባኤው ዓርብ ወደ ወረዳ ይሄዳል።»

አልሰማሁም ነበር እንዳይሉ፣ አምስት ዓመት የደበቁት ሊወጣ ነው። ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም።

ረቡዕ ዕለት እፀገነት የምትባል ነርስ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ የሆናቸውን ጆሮ ልትመረምር ጤና ኬላው መጣች። ማዳመጫውን ጆሮ ላይ ታደርግና፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ ትላለች። ሽማግሌው ሁሉ በግድ ነው የመጣው። ጆሮው የማይሰማ ስሙ ከመሬት መዝገብ ይፋቃል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበርና። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ አባይነህማ ማዳመጫውን ገና ስታጠልቅላቸው እጃቸውን ያነሱ ጀመር። አሁንም አሁንም ያነሳሉ።

«አባባ» አለቻቸው እፀገነት፣ «ገና አልከፈትኩትም እኮ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የእማማ ጌታነሽ ተራ ደረሰ። እሳቸውም ተንኮል አስበው ነው የመጡ፤ ልጅቱ መሣሪያውን የምትጫንበትን ጣት እያዩ እጅ ሊያነሱ። እፀገነት ግን ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዞረችው። የሚያዩት አፍ የለም፣ የሚያዩት ጣት የለም። ጭቃ ግድግዳ ብቻ። በቀኝ ጆሯቸው ምንም የለም። በግራው አልፎ አልፎ ከሩቅ እንደ ንብ ያለ ነገር ይመጣል፣ ይጠፋል። እዚያ ግድግዳ ላይ አፍጥጠው ሳሉ አንድ ነገር ታሰባቸው፦ የማትሰማ ሴት በምን አፏ እሺ ትላለች?

እፀገነት ወደ ግራ ጆሯቸው ጠጋ አለች። ቀኙ በጣም ደክሟል፣ ግራው ይሻላል፣ ደብረ ብርሃን ቢሄዱ የሚረዳ መሣሪያ ይኖር እንደሆነ ያዩልዎታል አለቻቸው። ሰው እንዳይሰማብዎት በምስጢር እይዘዋለሁም አለች።

«የምን ምስጢር፤ ጻፊው።»

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ እማማ?»

«አትሰማም ብለሽ። ማኅተም አድርጊበት።»

ጋሽ አባይነህ አላስቻላቸውም። «ጌታነሽ፣ ሰው የሚደብቀውን አንቺ በማኅተም?»

«አንተ ያልተከፈተውን አዳምጥ» አሏቸው፣ እፀገነት ጽፋ ማኅተም ያደረገችበትን ወረቀት አጥፈው በመቀነታቸው ቋጥረው ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ሳለ፣ ቀበሌ ሄዱ። ሸዋንዳኝም ወሬ ሰምቶ ደርሷል። ወረቀቱን ምንተስኖት ፊት አስቀመጡና በሰው ፊት ተናገሩ።

«ከአምስት ዓመት ወዲህ አልሰማም። አፍሬ ደበቅሁ። ያን ዕለት የጠየቅኸኝን አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አልሰጠሁም።»

ሸዋንዳኝ ፈጠን ብሎ፣ እንግዲያማ የማይሰሙ ከሆነ ወኪል ሊያስፈልግዎ ነው አለ።

አፉን አይተው ነገሩ ገባቸው። «የደከመው ጆሮዬ ነው። ድንበሬን በጨለማ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ አንድ በርጩማ አንሥተው ጠረጴዛውን ዞሩና ምንተስኖት ጎን፣ ግራ ጆሯቸውን ወደ እሱ አድርገው ተቀመጡ። «በል፣ እንደ ሰው ቀስ ብለህ ጠይቀኝ።»

ጠየቃቸው። አልሰጠሁም አሉ። ከቃለ ጉባኤው ላይ የውክልናውን መስመር ሲሰርዝ ጎንበስ ብለው ብዕሩን ተከተሉት፤ መሰረዙንም ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው አዘዙት። ሁለት ጊዜ አስነበቡት።