ዕድሜ የተቀባው ቡፌ

ሥራ የገባሁት ሰኞ ቀን ነው። ጋሽ ታደለ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ እየገዙ፣ እያደሱ የሚሸጡበት መጋዘን ነበራቸው። አባቴ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ስለነበር በእሱ በኩል ያውቁኛል። የተቀጠርኩት አቧራ ለመጥረግና ፖሊሽ ለመቀባት ቢሆንም የዚያን ቀን ጨርቅም የፖሊሽ ቆርቆሮም አልሰጡኝም። አንድ ረጅም ቡፌ ከግድግዳው አስለቅቀው አዞሩና «ጀርባውን እዪው» አሉኝ።

«ምኑን ነው የማየው?»

«ያየሽውን ትነግሪኛለሽ። ምሳ ሰዓት ላይ እመጣለሁ።»

አየሁት። ጀርባው ሦስት ሰፋፊ ጣውላ ነው። ሁለቱ ጠቁረዋል፣ አንዱ ነጣ ብሏል። ሚስማሮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከእግሩ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ የውሃ መስመር ይታያል። ሲመለሱ እንዲሁ ነገርኳቸው።

«አንዱ ጣውላ ተቀይሯል፣ የደቻቱ ወንዝም ሞልቶ ቤት ገብቶበት ያውቃል» አሉ። «ፊቱን ብቻ ብታዪ ማን ይነግርሽ ነበር?» ከዚያ ጨርቁን ሰጡኝ።

ለማያውቅ ሰው፣ እኛ ቡፌ የምንለው ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጠውን፣ ዝቅ ያለ፣ በርና መሳቢያ ያለውን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ቡፌ የበዛው በባቡሩ ምክንያት ነው። ባቡሩ ላይ ይሠሩ የነበሩ የውጭ ዜጎች ሲሄዱ ዕቃቸውን ለአገሬው ሠራተኛ ሸጡ። ሠራተኛው ለልጆቹ አወረሰ። ልጆቹ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ወይም ሲቸግራቸው ወደ እኛ ያመጡታል።

ሁለት ዓመት ፖሊሽ ቀባሁ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ጋሽ ታደለ ዕቃ ለማየት ወደ ሰው ቤት ሲሄዱ ይወስዱኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ይልኩኝ ነበር። በመጨረሻ ደንበኞች ራሳቸው «ጽጌ ትምረጥልን» ማለት ጀመሩ።

አመራረጡ ምስጢር የለውም። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አወጣለሁ። ጥጉ ላይ እንጨቱ እንደ ጣት እርስ በርሱ ተቆላልፎ ከሆነ የእጅ ሥራ ነው፣ በሚስማር ብቻ ከተያያዘ ችኩል ሰው ሠርቶታል። ከውስጥ አሸተዋለሁ። ትንንሽ ቀዳዳ ካየሁ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አነጥፌ ሁለት ቀን እተወዋለሁ። ነጭ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ አልሞተም ማለት ነው፣ እንዲህ ያለው የሰው ቤት አይገባም። ከደጋ የመጣ እንጨት ከሆነ ደግሞ አንድ በጋ እኛ ዘንድ ይከርማል። የድሬ ሙቀት መጋጠሚያውን ይከፍተዋል፤ መከፈቱ ካልቀረ ደግሞ እኛው እጅ ላይ ይከፈት።

ከቡፌው በፊት የሚለካው ግን የገዢው ቤት ነው። አንድ የባንክ ሠራተኛ ባለአራት በር ቡፌ ወዶ «ዛሬ ይጫንልኝ» አለ።

«ስንተኛ ፎቅ ነህ?» አልኩት።

«ሦስተኛ። ምን አገናኘው?»

ሜትሬን ይዤ በባጃጅ አብሬው ሄድኩ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ስለካው ቡፌው በሁለት ክንድ ይበልጣል። ባለሁለት በሩን ወሰደ። ቁመቱም ከወንበር ለሚታይ ቴሌቪዥን ልክ ነበር። እንዲህ ዓይነት ቀን ደስ ብሎኝ ነው ቤቴ የምገባው።

አናጢያችን አብዲ ይባላል። የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ወሬ አይወድም፣ የሚወደው መላጊያውን ነው። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ አይገኝም፣ ጉዳይ ያለው ሰው በጠዋት ነው የሚመጣው።

እንግዳ ማረፊያ የሚከፍቱ ሰዎች ሲበዙ አሮጌ ቡፌ ተፈላጊ ሆነ። በቴሌግራም ፎቶ ይላክልናል፣ «እንዲህ ያለ አላችሁ?» ይሉናል። እኛ ደግሞ ዕቃው እያለቀብን ነው። ጋሽ ታደለ ከፈረሱ ቤቶች የወጡ በሮችና የጣሪያ ወራጆች ገዝተው ግቢው ውስጥ አስቆለሉ። አብዲን ጠርተው አንድ አሮጌ ቡፌ አሳዩትና «ከዚህ እንጨት ይህንን አስመስለህ ሥራ» አሉት። ሠራ። ከዋናው ያማረ ነበር።

ቀሪው የእኔ ሥራ ነው፣ አልደብቅም። የዛገ ሚስማር ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፌ በውሃው እንጨቱን አጠቆርኩት። ጠርዙን በሰንሰለት መታሁት። ሰው እጁን የሚያሳርፍበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አሳሳሁት። በሦስተኛው ሳምንት ራሴም ብሆን ከሩቅ አልለየውም ነበር።

ወይዘሮ እታገኝ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ሳቢያን ሰፈር የምትኖር፣ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናት። አባቷ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሲታመሙ ለሕክምና ብለው የሳሎኑን ቡፌ ሸጠውት፣ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። «እናቴ አሁንም ድረስ ያንን ቡፌ ታነሳዋለች» አለችን። «ያንኑ ባላገኝም የዚያን ዘመን ዕቃ እፈልጋለሁ።»

አብዲ የሠራው ፊት ቆመች። በእጇ ዳሰሰችው። «ይሄ ከየት የወጣ ነው?» ብላ የጠየቀችው እኔን ነው።

ጋሽ ታደለ አዩኝ።

«ከባቡር ቤቶች» አልኩ። የተሠራበት እንጨት በእርግጥ ከአንድ የባቡር ሠራተኞች ቤት በር የወጣ ነበር። ይህንን ሰበብ አድርጌ ራሴን አሳመንኩ። ለማንኛውም ገዢ ዕቃውን አዙሬ ጀርባውን አሳይ ነበር፣ ለእሷ ግን አላዞርኩላትም።

ከገዛችው ዓመት ሊሞላው ሲል ደወለችልኝ። አንዱ መሳቢያ አልከፈት ብሏል። ሰምና ትንሽ መላጊያ ይዤ ሄድኩ። እናቷ እማማ ዘውዴ ከቡፌው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መድኃኒታቸው ከላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ መነጽራቸው ከታችኛው። የባለቤታቸው ፎቶ ላዩ ላይ ቆሟል።

መሳቢያውን አውጥቼ እየላግሁ ሳለ «ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ዕቃ የማን እንደነበረ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«የባቡር ሰው ነው አሉኝ። የባቡር ሰው ከሆነ ባለቤቴ ያውቀዋል። ስሙን ብትነግሪኝ እኔም አውቀዋለሁ።» ከዚያ ይቆጥሩ ጀመር። የነጂውን ስም፣ የፍሬን ሠራተኛውን፣ የሐዲድ ጠጋኙን፣ ከነሚስቶቻቸው ጠሩ። በእያንዳንዱ ስም ላይ ቆም ብለው ያዩኛል። «የእሱ ይሆን? ቤታቸው ቡና ጠጥቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነበራቸው።»

አንዱን ስም ይዤ «አዎ፣ የእሳቸው ነው» ብል ያልቅ ነበር። አላልኩም። «አጣራለሁ» ብዬ መሳቢያውን መልሼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ለአብዲ ነገርኩት። መላጊያውን አላቆመም። «ወላሂ፣ እኔ ቡፌ ነው የሠራሁት» አለ። «ዕድሜውን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ።»

ጋሽ ታደለ ዘንድ ገባሁ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሥራውን ከሥሩ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ሴትየዋ ደስ ብሏታል» አሉ። «ደስታዋን ነጥቀሽ በምትኩ ምን ትሰጫታለሽ?»

ሆኖም አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሳቢያን ሄድኩ። ወይዘሮ እታገኝን በረንዳ ላይ አገኘኋት። እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ እኔ በኮምጣጤና በሰንሰለት ምን እንዳደረግሁበት ሁሉንም ነገርኳት።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለችኝ።

«እናትዎ ስም ጠየቁኝ። ውሸት ልጨምርበት አልቻልኩም።»

«ያኔ ስጠይቅሽ ግን ችለሻል።»

«ችያለሁ» አልኩ።

«እሷ እኮ የሰው ስም እየቆጠረች ነው የምትውለው። ጓደኞቿን እየጠራች ታሳያቸዋለች። እኔም አስተማሪዎቹን እየጋበዝኩ እኩራራ ነበር። አሁን ምን ልበላት?» እናቷ እንዳይሰሟት ሰግታ ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች። «እውነተኛውን ፈልጊልኝ። አምጪና ይሄንን ውሰጂ። እስከዚያ ቤቴ አትምጪ።»

ፍለጋው አምስት ወር ፈጀ። የሽያጭ ወሬ በሰማሁበት ሁሉ ሄድኩ። ከከተማው ውጭ ቢዮ አዋሌ ድረስ ሄጄ ያገኘሁት ቁም ሣጥን ነበር። በመጨረሻ ዋሂል በምትባል የገጠር መንደር ውስጥ፣ አዴ ፋጡማ የምትባል ባለሱቅ ዘንድ አገኘሁት። ስኳርና ባትሪ ድንጋይ የምትደረድርበት ባንኮኒ አድርጋዋለች። አንዱ በር የለም፣ ላዩ በምድጃ ተቃጥሏል። መሳቢያውን ሳወጣ ግን ጥጉ በእጅ የተቆላለፈ ነው። ከሥሩም የባቡሩ የዕቃ ቁጥር በቀለም ተጽፏል።

«አሮጌ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ አዴ ፋጡማ።

«አሮጌነቱ ነው የሚፈለገው።»

«አቦ፣ እናንተ የከተማ ሰዎች!» ብላ ሳቀች። «መደርደሪያ ሥሩልኝና ውሰጂው።» አብዲ መደርደሪያውን ሠራላት፣ በልኳ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶበት።

ቡፌውን ከነቃጠሎው በአይሱዙ ጭኜ ሳቢያን ወሰድኩት። የጎደለውን በር አልቀየርኩም፣ ፖሊሽም አልቀባሁም። በረንዳው ላይ አውርደን ጀርባውን፣ ሥሩን፣ ቁጥሩን ለወይዘሮ እታገኝ አሳየኋት። አየችና ሄዳ እናቷን ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ቡፌ ጉዳይ ገና ያን ዕለት ጠዋት ነበር የነገረቻቸው።

እማማ ዘውዴ የባቡሩን ቡፌ አንድ ጊዜ ዞሩት። ቃጠሎውን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ቤት ያለውን ማን ነው የሠራው?»

«አብዲ የሚባል አናጢ ነው፣ እማማ።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ። ከእኛ ጋር ይሠራል።»

«እንግዲያው የዕቃው ባለቤት የታወቀ ነው» አሉ። «የሞተ ሰው ስቆጥር ዓመት አከረምሽኝ።» እንደተቆጡ ከድምፃቸው ያስታውቃል። ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅርታውን እንደተቀበሉ አልነገሩኝም። «መድኃኒቴን ከመሳቢያው እንዳታወጡብኝ፣ ለምጄዋለሁ» ብለው ገቡ።

ወይዘሮ እታገኝ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። «ስንት ወር የፈለግሽው ሜዳ ላይ ቀረ» አለች።

«ምርጫው የእሳቸው ነው» አልኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት እማማ ዘውዴ አብዲን አስጠሩት። መሳቢያውን እኔ ከላግሁት ይልቅ በወጉ አስተካከለላቸው። እንጨቱ ከየትኛው ቤት በር እንደመጣ ጠይቀውት ነገራቸው። ሰፈሩን ያውቁታል፣ ባለቤቱን ግን አያውቁም። ሲመለስ «ሴትየዋ ጠያቂ ናት፣ ስለ ማጠፊያው ሁሉ አስለፈለፈችኝ» አለኝ። አብዲ እንደዚያ ቀን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ዋሂል ያገኘሁትን ቡፌ ወደ መጋዘኑ መለስኩት። በዚያው ቀን ወረቀት ቆርጬ «አንድ በር የለውም፤ ላዩ ተቃጥሏል፤ የቀረው ሁሉ የጥንቱ ነው» ብዬ ጽፌ መሳቢያው ውስጥ ለጠፍኩበት። ከዚያ ሌሎቹንም ሁሉ አዳረስኩ። የአብዲን ሥራዎች «አብዲ የሠራው፣ እንጨቱ ከፈረሰ ቤት» ብዬ ጻፍኩባቸው።

ጋሽ ታደለ አንዱን አንብበው «የምንሸጠው ዕቃ ነው ወይስ ኑዛዜ?» አሉ።

«ወረቀቱ ከተነሳ እኔም እነሳለሁ» አልኳቸው።

ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩኝም። ወረቀቶቹንም አላስነሱም። አንብበው ትተው የሄዱ ገዢዎች ነበሩ። የዋሂሉን አንድ እንግዳ ማረፊያ ከነቃጠሎው ወሰደው፣ በር አሠሩልኝም አላለም። የአብዲን ደግሞ በስሙ እየጠየቁ የሚመጡ ሰዎች ተገኙ። እሱ ግን ብዙ አልተደነቀበትም።

ወይዘሮ እታገኝ ለረጅም ጊዜ መንገድ ላይ ስታየኝ በሩቁ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፍ ነበር። እማማ ዘውዴ ካረፉ በኋላ አንድ ቀን ደወለችና የወንድሟ ልጅ ጎጆ ልትወጣ ስለሆነ ቡፌ አብሬያት እንድመርጥ ጠየቀችኝ። ሄድን። ስለ አሮጌው ጉዳይ አልተነጋገርንም። ባየነው ቡፌ ሁሉ ግን ከእኔ በፊት መሳቢያውን የምታወጣው እሷ ነበረች።

አሁን ዓይኔ ስለደከመ ሥራውን ትቻለሁ። ወደ ሙያው ለሚገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። የዕቃው ዕድሜ ይጠቅም አይጠቅም የሚወስነው ገዢው ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ይናገር፣ የማያውቀውን አላውቅም ይበል።